ስለ ማድ ቤት የእንጨት ጠረጴዛና ስለሚቀባው ዘይት

(በራዲዮ የተሰማ ንግግር)



ዛሬ ላነጋግራችሁ የተነሣሁበት ጉዳይ ላይ ላዩን ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ይኸውም በማድ ቤታችን ውስጥ ሽንኩርት የሚከተፍበት፣ ሊጥ የሚታሽበት፣ ከምጣድ የወጣው እንጀራ የሚያርፍበት የእንጨት ጠረጴዛ ምን ዓይነት ዘይት ቢቀባ ይበጀዋል፣ አቀባቡስ እንዴት ነው የሚለው ነው። ሰው ጠረጴዛ ሲያሠራ ስለ እንጨቱ ይጠይቃል፣ በዋጋው ይከራከራል፣ እግሩ እንዳይነቃነቅ ወዲያና ወዲህ እየገፋ ይፈትናል፤ ስለሚቀባው ነገር ግን አንድ ቃል ሳይናገር ለአናጢው ወይም በቅርብ ለተገኘው ሰው ይተወዋል። ሆኖም እንጨት የጠጣውን ነገር ቀስ እያለ የሚመልስ ፍጥረት ነው። ከዚያ ጠረጴዛ ላይ የሚነሣውም ሁሉ ወደ ልጆች አፍ የሚገባ በመሆኑ፣ ጠረጴዛው ምን እንደ ጠጣ ማወቅ የቤት እመቤቲቱ ብቻ ሳይሆን የአባወራውም ጉዳይ ነው።

ነገሩን አጥብቄ እንዳስብበት ያደረገኝ በሸዋ ሮቢት ያየሁት አንድ ጠረጴዛ ነው። ባለቤቲቱ ምግብ እየሸጡ ቤታቸውን የሚያስተዳድሩ እናት ናቸው። እንደ ነገሩኝ ብዙ ወር ቆጥበው ውፍረቱ አራት ጣት የሚሆን፣ ርዝመቱም ከአራት ክንድ ያለፈ የዋንዛ ጠረጴዛ አሠሩ። ልጃቸው በቆላ ምስጥ እንዳለ ያውቃልና እናቱን የጠቀመ መስሎት፣ ከመኪና ሞተር የወጣ የተቃጠለ ዘይት በጣሳ አምጥቶ ሁለት ጊዜ ደጋግሞ ቀባው። ጠረጴዛው እንደ ከሰል ጠቆረ፤ አብረቀረቀም፤ ጎረቤትም አደነቀ። በሳምንቱ ግን በላዩ ያደረ እንጀራ ጋራጅ ጋራጅ ይሸት ጀመር። በሳሙና ታጠበ፣ በአመድ ታሸ፣ ፕላስቲክም ተነጠፈበት፤ ሽታው ግን ፀሐይ በቆርቆሮው ጣራ ላይ በጠነከረች ቁጥር እንደ አዲስ ይነሣ ነበር። እኔ በሄድሁ ጊዜ ያ ጠረጴዛ ወደ ጓሮ ወጥቶ የማገዶ መደርደሪያ ሆኖ አገኘሁት።

«እትዬ፣ ልጁ ሲቀባው እያዩ ለምን ዝም አሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣» አሉኝ፤ «እኔ ምጣዴን በጎመን ዘር ሳሟሽ አርባ ዓመቴ ነው፤ ለምጣድ የሚሆነውንና የማይሆነውን ለይቼ አውቃለሁ። ጠረጴዛውን ግን የአናጢ ሥራ ነው፣ እኔ ምን አውቃለሁ ብዬ ተውኩት።»

የዛሬው ንግግሬ ከእኒህ እናት መልስ የሚነሣ ነው። እንጨትን ዘይት ማጠጣት ምጣድን ከማሟሸት ጋር በመሠረቱ አንድ ሥራ ስለሆነ፣ ምጣድ ያሟሸች ሴት ሁሉ የጥበቡን ግማሽ ቀድማ ይዛዋለች። የቀረው ግማሽ ዘይቱን መምረጥና መታገሥ ነው።

አስቀድሜ ስለ አገሩና ስለ እንጨቱ ጥቂት ልበል። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ የተጓዘ ሰው፣ ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ላይ ከ3000 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ጋቢውን ተከናንቦ ይቆማል። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የፈለፈሉትን ዋሻ አልፎ በደብረ ሲና በኩል ቁልቁል ሲጠማዘዝ፣ ጥቂት ሰዓት እንኳ ሳይቆይ ከባሕር ወለል በላይ 1280 ሜትር ገደማ ላይ ወደምትገኘው ወደ ሸዋ ሮቢት ይደርሳል። ሰው በመንገድ ላይ ጋቢውን አውልቆ ይገላገላል፤ እንጨት ግን የሚያወልቀው የለውም። በደጋ ብርድና ጉም ውስጥ በመጋዝ የተቆረጠ ጣውላ ወደ ይፋት ቆላ ሲወርድ፣ በሆዱ የያዘውን ውሃ ለደረቁ አየር ይሰጣል፤ ውሃውን ሲሰጥም ይጠባል። ይህ መጥበብ በርዝመቱ በኩል እምብዛም አይታወቅም። በወርዱ በኩል ግን ይታወቃል፤ ከዚያውም የዕድገት ቀለበቱን ተከትሎ የሚጠበው ከልቡ ወደ ቅርፊቱ አቅጣጫ ከሚጠበው እጥፍ ያህል ነው። ጣውላ የሚጎብጠውና የሚሰነጠቀው በዚህ ምክንያት ነውና፣ ጥፋቱን ሁሉ በአናጢው ላይ መጫን አይገባም።

ስለዚህ የደጋ ጣውላ የገዛ የቆላ ሰው እዚያው እንዳወረደው አያሠራው። በጥላ ሥር፣ ከመሬት ከፍ አድርጎ፣ በየጣውላው መካከል ቀጫጭን እንጨት እየጣለ ይደርድረውና ቢቻል ጥቂት ወራት የቆላውን አየር ይልመደው። ዘይት ይህን የእንጨት እስትንፋስ ፈጽሞ አያቆመውም፤ ያዘገየዋል እንጂ። ያዘገየው ጣውላ ግን በድንገት አይደነግጥም፣ በድንገት ካልደነገጠም አይሰነጠቅም።

የእንጨቱን ዓይነት በተመለከተ ለዚህ ሥራ ከአገራችን ዛፎች ዋንዛን የሚያህል አላውቅም። ሙቀጫ ከእርሱ ይፈለፈላል፤ ከበሮም ከእርሱ ይቦረቦራል፤ ፍሬውንም ልጆች እየለቀሙ ከንፈራቸው እስኪጣበቅ ይበሉታል። ለመላጊያ የማያስቸግር፣ ለቢላዋም ስለት የሚራራ እንጨት ነው። ነገር ግን እጅግ ተፈላጊ በመሆኑ በብዛት ተጨፍጭፏል፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ጽድን፣ ዝግባንና ኮሶን ከመንግሥትና ከክልል ደኖች እንዳይቆረጡ ከልክሎ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ ዛሬ አንድ የዋንዛ ጠረጴዛ በቤቱ ያለው ሰው የልጅ ልጁ ሊተካው የማይችለውን ነገር ይዟል ማለት ይቻላል፤ እንደ እኒያ እናት ጠረጴዛ በአንድ ጣሳ የተቃጠለ ዘይት ሲጠፋ የሚቆጨውም ስለዚህ ነው። ወይራ እጅግ ጠንካራና ከባድ ነው፤ ለሙቀጫና ለመክተፊያ ድንቅ ሲሆን ዘይት የሚጠጣው በጥቂቱ ነው። ጽድ መዓዛው ለልብስ ሣጥን እንጂ ለምግብ አይስማማም። ባሕር ዛፍ ርካሽ ነው፤ መሰንጠቅ ግን ይወዳል። ችፑድና ፎርማይካ የያዘ ሰው ዘይት አያስፈልገውምና ይህን ንግግር ለጎረቤቱ ያስተላልፈው።

አሁን ወደ ዘይቱ እንምጣ። ዘይት ሁሉ አንድ አይደለም። በቤታችን የምናውቃቸው ዘይቶች፣ በእንጨት ላይ ሲቀቡ ከሚሆኑት የተነሣ፣ የሚደርቁና የማይደርቁ ተብለው ይለያሉ። መድረቅ ስል ውሃ በፀሐይ ተንኖ እንደሚደርቀው ማለቴ አይደለም፤ ዘይት አይተንም። የሚደርቀው ዘይት ከአየር ኦክስጅንን እየሳበ፣ ቅንጣቶቹ እርስ በርሳቸው እየተያያዙ፣ ከፈሳሽነት ወደ ጠንካራ ስስ ቆዳ ይለወጣል። አንድ ጊዜ ከተለወጠም ወዲያ ወደ ፈሳሽነት አይመለስም። በጋለ ምጣድ ላይ ጎመን ዘር ሲታሽ የሚሆነውም ለዚህ ቅርብ ነው፤ እሳቱ ሥራውን ያፋጥነዋል እንጂ ዘይቱ ወደ ሸክላው ቀዳዳ ገብቶ የሚጠነክር በመሆኑ እንጀራው አይጣበቅም። በእንጨት ላይ እሳት መጠቀም አይቻልምና፣ ያለ እሳት በራሱ የሚደርቅ ዘይት መፈለግ ግድ ይሆናል።

ፍሬዴሪክ ዋልተን የተባለ እንግሊዛዊ፣ በተልባ ዘይት የተበጠበጠ ቀለም በያዘ ቆርቆሮ አፍ ላይ የረጋውን እንደ ጎማ የሚለጠጥ ቆዳ አይቶ፣ ከዚያው ቆዳ ሊኖሌየም የሚባለውን የወለል ምንጣፍ ሠራ፤ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1863 የፈጠራ መብት አስመዘገበበት። ብዙ ሰው ያንን ቆዳ በእንጨት ጠንቁሎ ይጥለዋል። የስሙም ትርጓሜ በላቲን ቋንቋ ከተልባና ከዘይት የተገኘ ነው።

የኬሚስትሪ ሊቃውንት የዘይትን የመድረቅ ችሎታ የሚገምቱበት የአዮዲን ቁጥር የሚባል መለኪያ አለ። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ዘይቱ ቶሎ ይደርቃል። የተልባ ዘይት ከ170 እስከ 200 ይደርሳል። የኑግ ዘይት 130 ገደማ ነው። ሰሊጥ ከ104 እስከ 120 ባለው መካከል ይገኛል። ፓልም የሚባለው ከውጭ የሚገባው ዘይት ግን ከ50 እስከ 55 ብቻ ነው። እነዚህን አራት ቁጥሮች ያስተዋለ ሰው የቀረውን ራሱ ሊፈርድ ይችላል።

እንግዲህ ቀዳሚው ተልባ ነው። ሳይቆላ፣ በቀዝቃዛው የተጨመቀ የተልባ ዘይት የሚበላም ነው፤ እንጨቱንም ወርቃማ ቡናማ ያደርገዋል፤ ዓመታት ባለፉ ቁጥርም ያጠቁረዋል። ለዋንዛ ይህ መጥቆር ውበት ነው። ነጣ ያለውን ዝግባ እንደ ነጣ ማቆየት የሚወድ ሰው ግን የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት ይምረጥ፤ እነዚህ ቢዘገዩም እንደ ተልባ ቢጫ አይሆኑም። ኑግ የራሳችን አገር ቡቃያ ነው፤ በየገበያው ይገኛል፤ ትዕግሥት ላለውም ሰው መልካም ቅባት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። የይፋት ቆላ ሰሊጥ ያበቅላል፤ ሰሊጥ ግን ለዚህ ሥራ አይረዳም። ምክንያቱም ቶሎ እንዳይበላሽ የሚጠብቀው ነገር ከተፈጥሮው አብሮት ስላለ፣ ለማብሰል የሚመሰገንበት ያው ጠባዩ በእንጨት ላይ እንዳይደርቅ ያደርገዋል። ለዋንዛው የሚሆነው ተልባ ግን የደጋ አዝመራ ነው። ቆላው እንጨቱንና ፀሐዩን፣ ደጋው ዘይቱን ያዋጣሉ ማለት ነው። የደጋና የቆላ ሰው በእሑድ ቀን በሰንበቴ ገበያ ሲገናኝ እህልና ከብት ብቻ የሚለዋወጥ ይመስለን ነበር።

ቅቤና ፓልም ፈጽሞ አይሆኑም። አይደርቁም፤ በእንጨቱ ውስጥ እንደ ረጠቡ ይቆዩና ይሻግታሉ፤ የሻገተ ቅባት ሽታ ደግሞ በቆላ ሙቀት ምን እንደሚመስል መንገር አያስፈልግም። የጉሎ ዘይትም ወፍራም ቢሆን የማይደርቅ ነው። ከመድኃኒት ቤት የሚገኘው ፈሳሽ ፓራፊን አይደርቅም፤ ነገር ግን አይሻግትም፤ ስለዚህ ለትንሽ መክተፊያ ይጠቅማል፣ ቶሎ ቶሎ ግን መደገም አለበት።

ከቀለም መሸጫ የሚገዛውን «የተፈላ» የሚባል የተልባ ዘይት በተመለከተ መጠንቀቅ ይገባል። አብዛኛውን ጊዜ በእውነት የተፈላ ሳይሆን፣ ቶሎ እንዲደርቅ እንደ ኮባልትና ማንጋኒዝ ያሉ የብረታ ብረት ውሕዶች የተጨመሩበት ነው። ለበርና ለመስኮት ይሁን፤ ሊጥ ለሚታሽበት ግን ሌላ ፈልጉ። ቨርኒሽም እንዲሁ ነው። በአዲስነቱ ያምራል፤ ቢላዋ ሲያርፍበት ግን ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁም ውሃ ይገባና ከሥር እየላጠ ያነሣዋል። ያን ጊዜ ጠረጴዛውን ሁሉ መፋቅ ይመጣል።

የተቃጠለው የሞተር ዘይት ግን ከዚህ ሁሉ ተለይቶ ሊነገር የሚገባው ነው። በቆላ አገር ምስጥ እንዳይበላው ተብሎ የአጥር ምሰሶ በዚህ ዘይት ይቀባል፤ ያ ልማድ ቀስ እያለ ከአጥር ወደ በር፣ ከበር ወደ ማድ ቤት ገባ። ይህ ዘይት በሞተር ውስጥ ለብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ሲቃጠል የቆየ ነው። ከብረቱ የተፋቀ ብናኝ አለበት፤ ከነዳጁ ቃጠሎም የተወለዱ ውሕዶች አሉበት፤ ከእነዚህም መካከል ካንሰር እንደሚያመጡ የታወቁ ይገኛሉ። እንጨት ውስጥ ከገባ በኋላ በሳሙና አይወጣም፤ ስለማይደርቅም ዘወትር በጥቂት በጥቂቱ ወደ ላይ ይወጣል። በዚህ የተቀባ ጠረጴዛ ያለው ሰው ለምግብ መሥሪያ መጠቀሙን ዛሬውኑ ቢተው ይሻለዋል። ላዩን በመላጊያ መላግ የሚያድነው ይመስላል፤ ዘይቱ ምን ያህል እንደ ዘለቀ ግን በዓይን አይታወቅምና እኔ አልመክርም። ምስጡን የሚፈራ ሰው የጠረጴዛውን እግር ከአፈር ወለል ላይ በድንጋይ ወይም በሲሚንቶ መቆሚያ ከፍ ያድርግ፤ በየሳምንቱም ከእግሩ ላይ የአፈር መስመር መውጣት አለመውጣቱን ይመልከት። ተልባም ሆነ ኑግ ምስጥን አይከለክልም፤ ይህን ደብቄ ዘይቱን ላሞግስ አልሻም።

አንባቢ ሆይ፣ የገዛችሁት ዘይት እውነተኛ ኑግ ወይም እውነተኛ ተልባ መሆኑን በምን ታውቃላችሁ? ፈተናው ቀላል ነው። አንድ ንጹሕ ስባሪ መስታወት ውሰዱ፤ ከዘይቱ አንድ ጠብታ አኑራችሁ በጣታችሁ እንደ ወረቀት አሳስታችሁ ቀቡት፤ አቧራ እንዳይነካው አድርጋችሁ ብርሃን በሚያገኝ መስኮት ላይ አስቀምጡት። የተልባ ዘይት እንደ ሙቀቱ መጠን ከጥቂት ቀን እስከ ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ በጣት ሲነካ የማይጣበቅ ቆዳ ይሆናል። ኑግ ከዚያ የበለጠ ሳምንታት ይፈልጋል። ወር አልፎት እንደ ረጠበ የሚቀር ከሆነ፣ ወይ ሌላ ዘይት ተቀላቅሎበታል፣ ወይም ደግሞ ለማብሰያ እንዳይበላሽ መከላከያ የተጨመረበት የፋብሪካ ዘይት ነውና ወደ ወጥ እንጂ ወደ እንጨት አትውሰዱት።

የይፋትን ፀሐይ በሥራ ላይ ማዋል የሚወድ ደግሞ የተልባ ዘይቱን በሰፊ የመስታወት ዕቃ አሳስቶ ያፍስ፤ አፉን በነጠላ ቁራጭ ይሸፍን፤ ፀሐይ ላይ አውጥቶም በየቀኑ እያማሰለ ጥቂት ሳምንታት ያቆየው። ዘይቱ እንደ ማር መወፈር ይጀምራል፤ ቀለሙም ይጠራል። እንዲህ የወፈረ ዘይት በእንጨቱ ላይ በፍጥነት ይደርቃል። በኤውሮፓ የሥዕል ባለሙያዎች ይህን ዘዴ ከብዙ መቶ ዓመት ጀምሮ ያውቁታል፤ የእነርሱ ፀሐይ ግን ከእኛ ጋር የሚወዳደር አይመስለኝም።

አሁን ስለ አቀባቡ። ጊዜው በጋ ይሁን፤ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው መልካም ነው። በሐምሌና በነሐሴ እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ አብጧልና ዘይት የሚገባበት ቦታ ያንሰዋል። ጠረጴዛውን በብርጭቆ ወረቀት እንደ ጅማቱ አቅጣጫ ፋቁት፤ በ80 ቁጥር ጀምራችሁ፣ በ120 አልፋችሁ፣ በ180 ጨርሱት። ጅማቱን አቋርጣችሁ የፋቃችሁት እንደ ሆነ ያ ጭረት ዘይት ሲነካው እንደ ጠባሳ ጎልቶ ይታያል። ከዚያም በእርጥብ ጨርቅ አብሱት፤ እንጨቱ ጸጉሩን ያቆማል። ሲደርቅ የቆመውን ጸጉር በዚያው በ180 ቁጥር ለስለስ አድርጋችሁ አንሡት። ይህችን ሥራ ብዙ አናጢ ይዘላታል፤ የዘለላት ጠረጴዛ ግን በመጀመሪያው እጥበት ይሻክራል።

ዘይቱን በሙቅ ውሃ ውስጥ በቆመ ዕቃ ለብ ያድርጉት፤ እሳት ላይ በቀጥታ አይጣድ። በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ በስሱ ቀቡ። የጣውላውን ጫፍ፣ ማለት ጅማቱ የተቆረጠበትን ወገን፣ ከሌላው ሁለት እጥፍ አጠጡት፤ ውሃ የሚገባው ከሁሉ ይልቅ በዚያ በኩል ነውና። ሥሩንም አትርሱ። ላዩን ብቻ የቀባ ሰው ጣውላውን በአንድ ወገን እንዲጎብጥ ያዘጋጀዋል። ከሩብ ሰዓት እስከ ግማሽ ሰዓት ቆይታችሁ፣ እንጨቱ ያልጠጣውን ዘይት በሌላ ደረቅ ጨርቅ አንድም ሳትተዉ ጥረጉ።

የብዙ ሰው ሥራ የሚበላሸው በዚህ ቦታ ነው። ዘይቱን ውድ ብሎ ገዝቶታልና መልሶ መጥረጉ ያሳዝነዋል፤ ወይም ወፍራም ሲሆን ይበልጥ የሚጠብቅ ይመስለዋል። ያልተጠረገ ዘይት ግን ከላይ ቆዳ አውጥቶ ከሥር እርጥብ ሆኖ ይቀራል፤ ለወራትም እንደ ሙጫ ይጣበቃል፤ የቆላውን አቧራና የጤፉን ዱቄት ሁሉ ይሰበስባል። ምጣድ በዘይት አይነከርም፣ በማሰሻ ይታሻል እንጂ፤ ይህንም እኒያ እናት ከእኔ በፊት ያውቁታል።

አንድ ወይም ሁለት ቀን አቆይታችሁ፣ እጅ ስታሳርፉበት የማይጣበቅ ሲሆን፣ ሁለተኛውን ድገሙ። እንዲሁ እያላችሁ ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ ብትቀቡ ይበቃል። የመጨረሻው ከተቀባ በኋላ ለተልባ ሦስትና አራት ሳምንት፣ ለኑግ ከዚያ በላይ ዕረፍት ስጡት። በዚህ ጊዜ እርድና በርበሬ ከነካው ቀለሙ ገብቶ ይቀራል።

ዘይት የጠጣው ጨርቅ የት ይወድቃል የሚለውን ጥያቄ በተለይ እንድታስተውሉልኝ እለምናለሁ። ዘይቱ ኦክስጅን እየሳበ ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል ብያለሁ ወይም ሳልል አልፌ እንደ ሆነ አሁን እላለሁ። በጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ ስስ ዘይት ሙቀቱን ለአየር ስለሚሰጥ አያስፈራም። ተጨማድዶ በጥግ የተጣለ ጨርቅ ግን ሙቀቱን በሆዱ ያጠራቅማል፤ በጥቂት ሰዓታት ውስጥም ማንም ክብሪት ሳይጭርበት ራሱን ያቀጣጥላል። ይህ ተረት አይደለም። በአሜሪካ አገር በፊላዴልፊያ ከተማ በየካቲት ወር 1983 ዓ.ም. ባለ 38 ፎቅ በሆነ ሕንፃ ላይ የተነሣው ታላቅ ቃጠሎ መነሻው በ22ኛው ፎቅ ላይ የእንጨት ሥራ ሲያድሱ የነበሩ ሠራተኞች የተዉት የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ነበር። ሦስት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞቱበት፤ ሕንፃውም ዳግመኛ ለሥራ ሳይከፈት በኋላ ፈረሰ። ያ የሆነው በዚያ አገር በክረምት ወራት ነው፤ የቆርቆሮ ጣራ ባለው የቆላ ማድ ቤት፣ ከሰልና ጭድ አጠገብ ሲሆን ምን እንደሚያስከትል ገምቱት። ስለዚህ ጨርቁን ወዲያው ውሃ ውስጥ ንከሩት፤ ወይም ከቤት ውጭ በድንጋይ ላይ አንድ በአንድ ዘርግታችሁ እንደ ሰሌን ደረቅ እስኪል ጠብቁት። ሞልቶ በተከደነ የቆሻሻ ዕቃ ውስጥ ከቶ አትጣሉት። ልጆችም ጨርቁን ለኳስ መሥሪያ እንዳይወስዱት ንገሯቸው።

ዘይቱ ከደረቀ በኋላ ሰም መጨመር የሚፈልግ ይጨምር። አገራችን በሰም ከዓለም ከፍ ያለ ስፍራ ካላቸው አንዷ ናት፤ ጠጅ የሚጥል ቤትም ሰፈፍ አያጣም። ሰፈፉን በውሃ አቅልጦ በጨርቅ አጥልሎ ማጥራት ነው። አንድ እጅ የጠራ ሰም በአራት እጅ ተልባ ዘይት ውስጥ፣ ዕቃውን በፈላ ውሃ ላይ አቁሞ ማቅለጥ፤ ሲቀዘቅዝ እንደ ለጋ ቅቤ ይሆናል። ይህን በስሱ ቀብቶ መወልወል የውሃን ጠብታ ያንከባልለዋል። ነገር ግን ሰም ከ60 ዲግሪ ጥቂት አለፍ ሲል ይቀልጣልና፣ ከእሳት የወረደ ጀበና ወይም ድስት በቀጥታ ቢያርፍበት ነጭ ቀለበት ይተዋል። ማቶት የሌለው ቤት የለምና ማቶቱን ከጀበናው ሥር አኑሩ።

ከዚህ በኋላ ጠረጴዛው የሚጠይቀው ጥቂት ነው። ለብ ባለ ውሃ ማጠብ፣ ወዲያው ማድረቅ፣ ውሃ አቁሮ አለማሳደር። የሽንኩርት ሽታ ሲይዘው በጨውና በተቆረጠ ሎሚ ማሸት። እርጥብ የብረት ድስት ማሳደር ጥቁር ምልክት ስለሚተው መከልከል። ጥሬ ሥጋ የሚከተፍበት መክተፊያ ለብቻው ይሁን፤ ዘይት ጀርም አይገድልም። ጠረጴዛው ዳግመኛ መቼ እንደሚጠማው ለማወቅ አንድ ጠብታ ውሃ ጣሉበት፤ ጠብታው ክብ ሆኖ ከተቀመጠ ገና ነው፤ ተዘርግቶ እንጨቱን ካጠቆረው አንድ ጊዜ በስሱ ይደገም። በቆላ ይህ በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል ይሆናል፤ አንዱን ከክረምት በፊት በግንቦት፣ ሁለተኛውን ከመስከረም በኋላ ማድረግ ይመቻል።

ከአንድ ጠርሙስ ዘይት ሁልጊዜ የሚተርፍ አለ። ጠርሙሱ በጎደለ መጠን በውስጡ አየር ስለሚገባ፣ ዘይቱ በጠረጴዛው ላይ የሚያደርገውን በጠርሙሱ ውስጥ ያደርግና ለሚቀጥለው ግንቦት ረግቶ ይጠብቃችኋል። ስለዚህ ከሮቢ ወንዝ ዳር ትንንሽ ጠጠር ልቀሙ፤ በሚገባ አጥባችሁና በፀሐይ አድርቃችሁ፣ ዘይቱ እስከ ጠርሙሱ አፍ እስኪደርስ ድረስ አንድ በአንድ ጨምሩበት፤ ከዚያም አጥብቃችሁ ክደኑና ፀሐይ በማይነካው ቦታ አኑሩት።